ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቤት ለቤት የሚሰጠው የአረጋውያን እንክብካቤ፣ እንዳየሁት

ዋናውን ላስቀድም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ አልጋ ላይ የዋለ አረጋዊ ዘመድ ካላችሁ፣ እናንተ ርቃችሁ የምትኖሩ ከሆነ፣ አስታማሚ ለመቅጠር ደግሞ ኪሳችሁ የማይፈቅድ ከሆነ ይህን አገልግሎት ጠይቁ። ጥሩ ነው። ነፃ ነው። ሃይማኖት አይጠይቅም። ጉድለትም አለው፣ እሱንም ሳልደብቅ እጽፋለሁ። አንዱ እንዲያውም እስካሁን ያናድደኛል።

አገልግሎቱን የምትሰጠው በከተማዋ ያለች አንዲት የወንጌላውያን አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ናት። ቅሬታዬን ከኃላፊዎቹ ጋር እየተነጋገርኩበት ስለሆነ ስሟን አልጠራም። የሰፈራችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ብትጠይቁ ትጠቁማችኋለች፣ በደንብ ያውቋቸዋል።

እኔ ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ማርቆስ ነው፣ አሁን ባህር ዳር እኖራለሁ። ፕሮቴስታንት ነኝ፣ የዚያች አጥቢያ አባል ግን አይደለሁም። እንክብካቤውን የሚያገኙት አክስቴ ደግሞ ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ያውም ባላቸው ካረፉ በኋላ ቆብ የደፉ መነኩሲት። ሁላችንም እማሆይ ነው የምንላቸው። ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ አይነሱም። ስኳርም አለባቸው። የሩቅ ዘመድ የሆነች ተማሪ ልጅ አብራቸው ትኖራለች፣ ግን ቀኑን ትምህርት ቤት ነው የምትውለው። ይሄን ሁሉ የምዘረዝረው ነገሩን ከየት ሆኜ እንደማየው እንድታውቁልኝ ነው፤ ሁለቱንም ቤት አውቃለሁ፣ ሁለቱንም እወዳለሁ።

አሁን ወደ ሥራው።

በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣሉ፣ ማክሰኞና አርብ። አንዷ ነርስ ናት። አብሯት አንድ በጎ ፈቃደኛ ይኖራል። ውሃ ያሞቃሉ፣ ገላቸውን ያጥባሉ፣ ጥፍራቸውን ይቆርጣሉ፣ አንሶላ ይቀይራሉ፣ የቆሸሸውን አጥበው አስጥተው ይሄዳሉ። ግፊትና ስኳር ይለካሉ፣ ውጤቱን በደብተር ይጽፋሉ። መድኃኒቱ ቆጠራ ላይ ጎድሎ ወይም ተርፎ ከተገኘ ለምን ብለው ይጠይቃሉ። ሆስፒታል ቀጠሮ ሲኖር ባጃጅ ይዘው ይመጣሉ፣ ዊልቸርም ያውሳሉ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካርዳቸው ጊዜው አልፎ ነበር፣ እሱንም ወረፋ ጠብቀው አሳድሰውላቸዋል። ይሄ የመጨረሻው ነገር ትንሽ ይመስላል። ቀበሌ ሄዶ ለሰው ጉዳይ መቆም ግን ቀላል ነገር አይደለም፣ ሞክሩት።

ከሁሉም ያስደነቀኝ የቁስሉ ጉዳይ ነው። ሰው አልጋ ላይ ሲውል ትልቁ ጠላቱ መተኛቱ ራሱ ነው። አንድ ጎን ላይ ብዙ ሰዓት ሲቆዩ በታች ያለው ሥጋ ይታመቃል፣ ደም በደንብ አይደርሰውም። ቆዳው መጀመሪያ ይቀላል ወይም ይጠቁራል፣ ከዚያ ይላጣል፣ ችላ ከተባለ ጉድጓድ ይሆናል። ጀርባ፣ ዳሌ፣ ተረከዝ ላይ ይብሳል። ስኳር ላለበት ሰው ደግሞ ቁስል በቶሎ አይድንም። መከላከያው ውድ መድኃኒት አይደለም። በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ቆዳውን ንጹህና ደረቅ አድርጎ መያዝ፣ አጥንት የሚበዛበትን ቦታ ማስደገፍ ነው። ነርሷ ይህን ራሷ አድርጋ ብቻ አልሄደችም። አብራቸው የምትኖረውን ልጅ ቁጭ አድርጋ አስተማረቻት። ትራስ በማይበቃበት ቤት ጋቢ ጠቅልሎ ከባት ሥር እንዴት እንደሚደረግና ተረከዙ ፍራሹን እንዳይነካ እንዴት እንደሚያዝ አሳየቻት። ልጅቷ በማትኖርበት ሰዓት ደግሞ ሁለት ጎረቤቶች ተራ ገብተው እንዲያገላብጡ ያነጋገረችው እሷው ናት። እማሆይ እስካሁን የአልጋ ቁስል የለባቸውም። እናቱን ወይም አባቱን አልጋ ላይ ያስታመመ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ነርስ ወደ ድሃ ቤት የመላክ ነገር በፕሮቴስታንቱ ዓለም አዲስ አይደለም። ቴዎዶር ፍሊድነር የተባለ የጀርመን ፓስተር በ1836 (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጅ ነው) ካይዘርስቬርት በምትባል ትንሽ ከተማ ሴቶችን ለሕሙማን አገልግሎት ማሠልጠን ጀመረ። ዲያቆናዊት ይባሉ ነበር። የዘመናዊ ነርስነት መሥራች የምትባለው ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1851 እዚያ ነው የሠለጠነችው። ስለዚህ አንዲት ነርስ ማርቆስ ውስጥ ሳፋና ሳሙና ይዛ ስትገባ ሳይ አንድ በጎ ሰው ብቻ አይደለም የሚታየኝ፣ ረጅም መስመር ነው የሚታየኝ።

ግን ጎጃም ነው እኮ ያለነው። ሰፈሩ የመጀመሪያ ሰሞን ምን እንዳለ መገመት ይቻላል። «ጴንጤዎቹ እማሆይን ሊያስቀይሩ ነው» ተባለ። አንዲት ጎረቤታችን እኔ ድረስ ደውላ «አንቺ ነሽ የላክሻቸው?» አለችኝ። አልነበርኩም፤ ያገናኘቻቸው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። ጥርጣሬው ግን ከሜዳ አልመጣም። በረሃብና በበሽታ ጊዜ እርዳታን ማጥመጃ ያደረጉ ሰዎች በዓለም ላይ ነበሩ፣ አሉም። እኔም ጥርጣሬው ነበረኝ። ምናልባት ከጎረቤቶቹ በላይ ነበረኝ፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ነገር ከተደረገ የሚዋረደው እኔ የማምነው ወንጌል ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ትምህርቱ ልግባ፣ ምክንያቱም አገልግሎቱን የምመዝነው በሱ ነው።

ስለ ፕሮቴስታንቶች እኛ አገር የሚባል ነገር አለ፦ «እነሱ በእምነት ብቻ ነው የሚሉት፣ ሥራ አያስፈልግም ይላሉ።» ይሄ ስሞታ የፕሮቴስታንቱን ተሐድሶ የጀመረውን ማርቲን ሉተርን ራሱን በሕይወት እያለ ነው የገጠመው። እውነቱን ለመናገር ለስሞታው በር የከፈተ ነገርም ጽፏል። በ1522 በአዲስ ኪዳን ትርጉሙ መቅድም ላይ የያዕቆብን መልእክት ከሌሎቹ ጋር ሲተያይ ገለባ ነው ብሎታል። እኔ በዚህ አልስማማም። ያዕቆብ ምዕራፍ 2 ላይ ያለው ቃል፣ ወንድምህ ተርቦና ታርዞ እያየህ «በሰላም ሂድ፣ ሙቅ፣ ጥገብ» ብለህ ብትሸኘው ምን ይጠቅማል የሚለው፣ ለኔ ከገለባ የራቀ ነው። ሆኖም ያው ሉተር በዚያው ዓመት በሮሜ መልእክት መቅድሙ ላይ እምነት ሕያውና ሥራ የማይፈታ ነገር ነው፣ በጎ ሳያደርግ መኖር አይችልም ብሎ ጽፏል። ኤፌሶን 2ን ብታዩ ቁጥር 8 እና 9 በጸጋ መዳንን ይናገራል፣ ቁጥር 10 ወዲያው ለመልካም ሥራ ተፈጠርን ይላል። ብዙ ሰው ቁጥር 9 ላይ ያቆማል፣ የኛዎቹም ሰባኪዎች ጭምር።

ዋናው ሐሳብ ግን በ1520 ስለ ክርስቲያን ነፃነት በጻፈው ውስጥ ነው ያለው። ክርስቲያን በእምነት የማንም ባሪያ ያልሆነ ነፃ ሰው ነው፣ በፍቅር ደግሞ የሁሉ አገልጋይ ነው ይላል። እኔ በራሴ አባባል ላስቀምጠው። የኔ መዳን በክርስቶስ ካለቀ፣ ለድሃው የማደርገው ነገር ለራሴ ነፍስ የማከማቸው ስንቅ አይደለም። ድሃው እኔ ወደ ሰማይ የምወጣበት መሰላል አይደለም። ስለዚህ እሱን እንደ ሰው ማየት እችላለሁ፦ ምን ጎደለው፣ ምን ይፈልጋል፣ ምን አይፈልግም ብዬ። ይሄ ትምህርት በትክክል ከተያዘ አገልግሎቱን ንጹህ ያደርገዋል። ከተቀባዩ ምንም አይጠብቅም፤ ምስጋናም፣ ስብሰባ ላይ መገኘትም፣ ሃይማኖት መቀየርም።

እዚህ ላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገው፣ ሉተር ይከራከር የነበረው በዘመኑ ጀርመን ከነበረው ልማድ ጋር ነው፣ ከኛ እናቶች ሰንበቴ ጋር አይደለም። ጎጃም ስለ ምጽዋት ከማንም መማር አያስፈልገውም። የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በር ላይ ሲቆም ቁራሽ ነፍጎ የሚመልስ ቤት አላውቅም፤ እነ ዋሸራ፣ እነ ዲማ የቅኔ ሊቅ ያወጡት በዚያ ቁራሽ ነው። ዝክሩ፣ ጽዋው፣ እድሩ አለ። የጎደለን ሌላ ነገር ነው፦ ሰው ለብዙ ወራት አልጋ ላይ ሲውል በየሳምንቱ ሳይሰለች የሚመጣ፣ ሙያ ያለው እጅ። ማኅበሩ ይጠይቃል፣ ያለቅሳል፣ ያበላል። ቁስል ማጠብና ስኳር መለካት ግን ሥልጠናና ሰዓት ይፈልጋል። ይህች አጥቢያ የሞላችው ያንን ክፍተት ነው።

ታዲያ ትምህርቱና ሥራው ተገናኙ ወይ? በአብዛኛው አዎ። ሁለት ነገር ልንገራችሁ።

እማሆይ ታጥበው ጋቢያቸው ውስጥ ሲገቡ ነርሷን ሁልጊዜ ይመርቃሉ። «ዋጋሽን በሰማይ ይክፈልሽ ልጄ።» ነርሷ «አሜን እማሆይ» ትላለች። በቃ። በሰማይ ዋጋ ላይ የኛ ሰዎች ስንት ሰዓት መከራከር እንደሚችሉ አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች። ምርቃቱን ተቀብላ ሳፋዋን ትደፋለች። ሌላ ቀን ደግሞ አንድ ወጣት በጎ ፈቃደኛ «እማሆይ፣ ልጸልይልዎት?» ብሎ ጠየቀ። «የራሴ ጸሎት አለኝ ልጄ፣ ውዳሴ ማርያሜን ገና አልደገምኩም» አሉት። «እሺ እማሆይ» ብሎ መጽሐፋቸውን ከራስጌ አንስቶ ከነመነጽራቸው ሰጣቸው። ይህን ስናገር ከቤተ ክርስቲያኔ ሰዎች አንዳንዶቹ ቅር አላቸው። እኔ ቅር አላለኝም። የታመመ ሰው እጁ የማይደርስበትን ነገር ሲፈልግ ማቀበል ፍቅር ነው፣ ልጁ በዚያች ደቂቃ ማድረግ የነበረበትን አደረገ።

በሁዳዴ የሆነውን ግን ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም አገልግሎቱ ሊፈርስ የነበረው ያኔ ነው።

እማሆይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚጾሙት። የስኳር መድኃኒታቸው ደግሞ ግሊቤንክላሚድ ነው፤ ተውጦ ምግብ ካልተበላ ስኳርን ከልክ በታች ያወርዳል። ላብ ያጠምቃል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ራስ ያስታል፣ ሊገድልም ይችላል። እማሆይ ጠዋት መድኃኒቱን ውጠው ሆዳቸውን ባዶ አድርገው ይውሉ ነበር። አንድ አርብ ነርሷ ስትለካቸው በጣም ወርዶ አገኘችው። በዚያው ዕለት ለቤተሰቡ በየወሩ የሚሰጠው የእርዳታ ከረጢት መጥቶ ነበር፤ ሲከፈት ውስጡ የዱቄት ወተት። «ወተት! በሁዳዴ!» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። «ጾሜን ሊያስፈቱኝ ነው የመጡት» አሉ። ሰፈሩም ሲጠብቀው የነበረ ነገር ሆነ።

ነርሷ ያኔ «ጾም አያድንም» ማለት ትችል ነበር። በኛ ትምህርት ስህተት አይሆንም፣ በዚያ አልጋ አጠገብ ግን ጭካኔ ይሆን ነበር። ያደረገችው ሌላ ነው። ስኳር በጥብጣ በጾም የማይከለከል ነገር አጠጣቻቸው፣ እስኪረጋጉ ጠበቀች፣ ከዚያ ንስሐ አባታቸውን አስጠራች። አባ መጡ፣ መደቡ ላይ ተቀመጡ። እሷ የመድኃኒቱን ነገር አስረዳቻቸው፣ መለኪያውን አሳየቻቸው። እሳቸው ጥያቄ ጠየቁ፣ በጥሞና ሰሙ። ከዚያ ወደ እማሆይ ዞረው «በሽተኛ ላይ ጾሙ እንዲህ አይከብድም፣ እኔ ፈቅጃለሁ፤ ጠዋት ቀምሰው መድኃኒትዎን ይዋጡ፣ የሚቀምሱት የጾም ይሁን» አሉ። እማሆይም «አባቴ ካሉ» ብለው ተቀበሉ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ቁርሳቸው የአጃ ገንፎ በተልባ ሆነ። ከአባ በቀር ይህን ሊያስደርግ የሚችል ሰው አልነበረም፤ ከነርሷ በቀር ደግሞ አባን በትክክለኛው ሰዓት ሊያስጠራ የሚችል አልነበረም።

ይህን ስሰማ ያስታወሰኝ ታሪክ አለ። በ1534 ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ሉተርን አግኝቶታል። በአስተርጓሚ ስለ እምነት ተነጋገሩ፣ ብዙ ነገር ላይ ተግባቡ፣ ሲመለስም የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ክርክር፣ ብዙ ክፉ ቃል አልፏል፣ ከሁለቱም ወገን። ቁጭ ብሎ መነጋገር ግን ከክርክሩ በፊትም ነበረ።

ለወተቱ ግን ይቅርታ የለኝም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በሁዳዴ ለመነኩሲት ወተት መላክ ሰውየውን ሳያዩ መርዳት ነው። ስጠይቅ የከረጢቱ ዝርዝር ሌላ ቦታ ተዘጋጅቶ የሚመጣ ነው፣ ለሁሉም ከተማ አንድ ዓይነት ነው አሉኝ። አሁን አስተካክለዋል። በጾም ወራት ሽሮ፣ ምስር፣ አጃና ዘይት ነው የሚመጣው። ጥሩ።

ሌሎች ጉድለቶችን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። መጀመሪያ አካባቢ ገላ ለማጠብ ወንድ በጎ ፈቃደኛ ተልኮ ነበር፣ ለመነኩሲት አይሆንም፣ ተናገርን፣ አሁን ለሴት ሴት ነው የሚመደበው። ስልካቸው ብዙ ጊዜ አይነሳም። የሚመጡበት ሰዓት አይታወቅም፤ ጠዋት ብለው ከሰዓት ይመጣሉ፣ ውሃው ሞቆ ይቀዘቅዛል፣ የማርቆስን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በጎ ፈቃደኞች ቶሎ ቶሎ ይቀያየራሉ፣ አሮጊት ሰው ደግሞ ፊት መልመድ ይፈልጋል። ከከተማው ውጭ ላሉ ቀበሌዎች አይደርሱም። መንገድ በሚዘጋበትና ሰው ከቤት በማይወጣበት ሰሞን አገልግሎቱም ይቆማል፤ ያንን ለመሙላት የቤተሰብ ሥልጠናው በሁሉም ቤት መሰጠት አለበት፣ በኛ ቤት የተሰጠው ነርሷ ስለተጋች ነው እንጂ ሥርዓቱ ስለሚያዝ አይደለም።

የገንዘብ አያያዛቸውን ግን ወድጄዋለሁ። ቤት የሚመጡት ሰዎች ብር አይዙም፣ አይቀበሉምም። ለባጃጅና ለመድኃኒት የወጣው ሁሉ ደረሰኝ አለው፣ ደረሰኙን የሚይዙት ሌሎች ሰዎች ናቸው። ማገዝ የሚፈልግ ቤተሰብ በቤተ ክርስቲያኗ ሒሳብ ነው የሚያስገባው። ይሄም የቆየ ጥበብ ነው። ሌላው የተሐድሶ መሪ ካልቪን በ1541 ለጄኔቫ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሲያወጣ ዲያቆናትን ሁለት ዓይነት አድርጎ ነበር፦ የድሆችን ገንዘብ የሚያስተዳድሩና ሕሙማንን የሚንከባከቡ። ከዚያም በፊት በ1523 ላይስኒግ በምትባል የጀርመን ከተማ ሉተር የደገፈው የጋራ የእርዳታ ሣጥን ተቋቁሞ ነበር። ሣጥኑ አራት ቁልፍ ነበረው። የመኳንንቱ፣ የከተማው ምክር ቤት፣ የነዋሪውና የገበሬው ተወካዮች በየፊናቸው አንድ አንድ ቁልፍ ይይዛሉ፣ አንዱ ከሌለ አይከፈትም። ያረጁትና የታመሙት፣ ወላጅ የሌላቸው ልጆችም ከዚያ ይረዱ ነበር። የእድራችንን ሣጥን ቁልፍ ሊቀመንበሩ፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ለየብቻ ሲይዙ ያየ ሰው ለምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገውም።

አሁን ወደሚያናድደኝ።

አንድ ቀን ከቢሮ የመጣ ሰው፣ ነርሷም በጎ ፈቃደኛውም ያልሆነ ሦስተኛ ሰው፣ ብርድ ልብስና ሳሙና ይዞ ገባ። እማሆይን ቀና አድርገው ብርድ ልብሱን እጃቸው ላይ አስቀመጡላቸው። ከዚያ ስልኩን አወጣ። «ለሪፖርት ነው» አለ። እማሆይ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጎተቱ። «ትንሽ ገለጥ ያድርጉት እማሆይ» አላቸው። ገለጡት። ምን ያድርጉ? እጃቸው ላይ ያለው ብርድ ልብስ የሱ ነው። ልጅቷ ነች የነገረችኝ፣ ስትነግረኝ ታለቅስ ነበር።

ማቴዎስ 6 ላይ ጌታ ምጽዋት ስታደርግ ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ ይላል። ፎቶግራፉን ግራ እጅ ብቻ አይደለም የሚያየው፣ ባሕር ማዶ ያለ ሰው ሁሉ ነው። ደግሞ ከላይ ያልኩትን አስታውሱ፦ ድሃው መሰላል አይደለም። ነፍሳችንን ለማዳን መሰላል ካላደረግነው፣ በጀት ለማግኘትም መሰላል ልናደርገው አይገባም። ከተቀባዩ ምንም አንጠብቅም ብለን ፊቱን ከወሰድን ጠብቀናል ማለት ነው።

የሪፖርቱ ችግር ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። ገንዘቡ የሚመጣው ከሩቅ ነው፣ ሩቅ ያለ ሰው ማስረጃ ይፈልጋል። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በ1972 ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የጻፈችው የታወቀ ደብዳቤ አለ፤ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ያኔ ዋና ጸሐፊ ነበሩ፣ በኋላ በ1979 ደርግ ገደላቸው። ደብዳቤው ለጋሾቹን የሞገተው በአንድ ነገር ነው፦ ለልማት ገንዘብ ትሰጣላችሁ፣ ለወንጌል ሥራ አትሰጡም፣ ሰውን ለሁለት ከፍላችሁታል፤ ሰው ግን ሥጋም መንፈስም ያለው አንድ ሙሉ ሰው ነው። ምን እንደሚያስፈልገን የሚወስነው የእናንተ መስፈርት ሆኗል የሚልም አለበት። ዛሬ ብዙ የኛ ሰዎች ይህን ደብዳቤ ሲጠቅሱ «ስለዚህ ከሳሙናው ጋር ስብከት ይሂድ» ለማለት ነው። እኔ እንደዚያ አላነበውም። ሰው ሙሉ ነው ካልን ክብሩም፣ እምነቱም፣ ፊቱን የመሸፈን መብቱም የሙሉነቱ ክፍል ነው። እማሆይን ሙሉ ሰው አድርጎ ማገልገል ከነቆባቸው ማገልገል ነው። ወንጌሉን የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ደግሞ በደስታ እንናገራለን፣ ማንም አልከለከለንም፤ ያጠብነውን ሰው ግን ስላጠብነው ብቻ እንዲሰማን አናስገድድም።

ባህር ዳር የምንኖር ሰዎች የዚህን ምሳሌ በቅርብ እናውቃለን። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤቷ ዶክተር ሬጂናልድ በ1959 ሲመጡ በእምነታቸው ተገፋፍተው ነው የመጡት፣ ይህን ደብቀው አያውቁም። በ1974 አዲስ አበባ ላይ የፌስቱላ ሆስፒታሉን ከፈቱ፣ ከክልል ማዕከላቱ የመጀመሪያው በ2005 እኛ ከተማ ተከፈተ። ከጎጃም ገጠር ስንት ሴቶች እዚያ ታክመው ድነው ተመልሰዋል፣ ማተባቸውን እንዳሰሩ። እምነቱ ከሥራው ጀርባ ቆሞ ይታያል፣ ግን ሴቶቹን አያስከፍልም።

ለአስተባባሪው ደውዬ ይህንኑ ነገርኩት። ተቆጥቼ ነበር የተናገርኩት። በትዕግሥት ሰማኝ። መጀመሪያ «ቤተሰብ ፈርሞ ነው» አለኝ። የፈረመችው የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ደግሞ ሳሙና የሚሰጥህ ሰው ፎቶ ላንሳህ ሲልህ እምቢ ማለት ቀላል አይደለም፣ ብትፈርምም። በኋላ የእማሆይን ፎቶ እንዳጠፉት ነገረኝ፣ የመመዝገቢያ ቅጹንም ቀየሩት። ነገር ግን «ፊት ሳይታይ እጅ ብቻ» የሚለውን አሁንም ይፈልጉታል። እኔ እሱንም አልፈልግም። ደብተሩ አለ፣ የስኳርና የግፊቱ ልኬት አለ፣ ደረሰኙ አለ፣ ቁስል የሌለው ጀርባ አለ፤ ማስረጃ ከፈለጉ መጥቶ የሚጠይቅ ሰው ይላኩ፣ እማሆይ ቡና አፍልተው ያስተናግዱታል፣ ማለት ልጅቷ ታፈላለች። በዚህ ጉዳይ እስካሁን አልተስማማንም።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ ከ5 4 እሰጣለሁ። የፎቶው ነገር ሙሉ በሙሉ ከቆመ 5 ነው።

ለመመዝገብ የምትፈልጉ፦ የታማሚውን የጤና መድን ካርድ፣ የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው፣ ካለ ደግሞ የሆስፒታል ወረቀቱን አዘጋጁ። መጀመሪያ ነርሷ ቤት መጥታ ታያለች፣ ከዚያ ወረፋ አለ፣ ብዙ ሊያስጠብቅ ይችላል። የጾም ልማዱን፣ ንስሐ አባት ካለው ስልኩን፣ ማን እንዲያጥበው እንደሚፈልግ ከመጀመሪያው ቀን ንገሯቸው፣ ይጽፉታል። አዲሱ ቅጽ መጨረሻ ላይ ስለ ፎቶ የሚጠይቅ ቦታ አለ። «አልፈቅድም» ማለት ትችላላችሁ፣ አገልግሎቱ በዚህ ምክንያት አይቋረጥም፣ ጠይቄ አረጋግጫለሁ።